የ«ወንበሩ» አራት ቅጂዎች

ሰይፈሥላሴ ተወልዶ ያደገው አቃቂ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አባቱ በሐዲድ ሠራተኛነታቸው በተሰጣቸው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ። ጢሙ በቅጡ ሳይወጣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ፣ ሽመና ክፍል በመካኒክነት ተመደበና ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ኖረ።

ሽመና ክፍልን ላላየ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። አንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩት ማሽኖች ሁሉ ባንዴ ሲደበድቡ፣ ሰው ጆሮ ሥር ቢጮኹ አይሰማም። ሠራተኛው የሚግባባው በእጅ ምልክትና በከንፈር እንቅስቃሴ ነበር። ብዙዎቹ የጥጥ ቁራጭ ጠቅልለው ጆሯቸው ውስጥ ይወትፋሉ። ሰይፈሥላሴ ግን የማሽን ሕመም የሚታወቀው በድምፁ ነው ብሎ ስለሚያምን ጆሮውን ደፍኖ አያውቅም። እውነትም መተላለፊያው ላይ ቆሞ የቱ ማሽን እንደታመመ ሳይነካው ይለይ ነበር። አለቆቹም ይኼንን እንደ ተሰጥዖ ያዩለት ነበር።

የሙዚቃ ፍቅሩ የመጣው ከአንድ ካሴት ነው። ሳሪስ ሙዚቃ ቤት ይሠራ የነበረ ጓደኛው ከአንድ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ሸክላ ላይ ቀዳለት። ካሴቱ ላይ ምንም የተጻፈ ነገር አልነበረም። ጓደኛው የሸክላው ሽፋን ላይ ባሕር ዳር የቆመ የእንጨት ወንበር እንዳለ ስለነገረው፣ አልበሙ በሰይፈሥላሴ አፍ «ወንበሩ» ሆኖ ቀረ። የዘፈኖቹን ቃል አይረዳም፤ ልረዳ ብሎም አልተጨነቀም። የወደደው ጊታሩ ሲገባ ከበሮው ቦታ ለቅቆ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበትን ሁኔታ ነው። ከፈረቃ ወጥቶ ጆሮው ገና ጭው እያለ ቤት ይገባና ካሴቱን ያስጀምራል። ያን ጊዜ ሰውነቱ ይፍታታል።

ሚስቱ ዳሲቱም የዚያው ፋብሪካ ሰው ነበረች። ወላጆቿ ፋብሪካው ሳይተከል ጀምሮ አቃቂ ወንዝ ዳር ያርሱ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። እሷ የምትሠራው ጥራት ቁጥጥር ነበር፤ ያለቀው ጨርቅ መብራት ባለበት ጠረጴዛ ላይ እየተንሸራተተ ሲያልፍ የተበጠሰ ድር፣ የዘለለ ማግ ትፈልጋለች። ክፍሉ ከማሽኖቹ የራቀና ጸጥ ያለ ነው። ስለ «ወንበሩ» የነበራት አስተያየት አጭር ነበር። «ይጮኻል» ትልና በሩን ትዘጋዋለች።

ካሴቱ እየሳሳ ሲሄድ ሰይፈሥላሴ ሲዲውን አገኘ። የመጀመሪያው እትም ሸክላ ግን እጁ የገባው ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። የባቡር መሥሪያ ቤት ጡረተኛ የነበሩ ጎረቤቱ አርፈው ልጆቻቸው ዕቃ ሲያወጡ፣ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ትቶላቸው የሄደ የሸክላ ክምር ተገኘ። ከክምሩ መሐል ያንን ወንበር አየው። ጓደኛው ያልነገረው ነገር ነበር፤ ከወንበሩ ሥር አንድ ጥንድ ጫማ ተቀምጧል። ልጆቹ «ይውሰዱት፣ ለኛ ምን ያደርግልናል» አሉት።

ጡረታ ሲወጣ ሳሎኑን ለዚሁ ነገር አመቻቸ። ሸክላ ማጫወቻው፣ አምፕሊፋየሩና ሁለቱ ትልልቅ እስፒከሮች ተራ በተራ ተገዝተው ወይ ተለምነው መጡ። የሚያበጅለት ሮቤራ ነበር። ሮቤራ ሳሪስ እስፒከር ጥገና ቤት ያለው፣ አርባን የተሻገረ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ዘወትር እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ከሰይፈሥላሴ ጋር ይቀመጣል። አንዱን ዘፈን ከካሴቱም፣ ከሲዲውም፣ ከሸክላውም እያፈራረቁ ይሰማሉ፤ ይከራከራሉ።

ሰይፈሥላሴ ሥርዓት ነበረው። ከማወዳደሩ በፊት የሁሉንም የድምፅ መጠን እኩል ያደርጋል። «ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ሁሌ እውነተኛ ይመስላል» ይለዋል ሮቤራን፤ «መጀመሪያ እኩል ይሁኑ፣ ከዚያ ይፈረዳል።» ፍርዱም የታወቀ ነበር። ካሴቱ ታፍኗል፤ ሲዲው ንጹሕ ነው ግን ይቀዘቅዛል፤ እንደ ሸክላው የለም። በተለይ ሲምባሉን፣ ያንን የከበሮውን የነሐስ ሳህን፣ አንስቶ አይጠግብም። ሲመታ እንዴት እንደሚበተን፣ ተበትኖም እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚጠፋ በእጁ ጭምር እያሳየ ይተርካል። ሮቤራ ይሰማል፤ አንዳንዴም ከዘፈኑ ይልቅ የጋሼ ሰይፈን ትረካ ለመስማት የሚመጣ ይመስል ነበር።

አራተኛውን ቅጂ ያመጣችው ልጁ ሶሊያና ናት። አየር መንገድ ትሠራለች። ከአንድ በረራ ስትመለስ አዲስ የታተመ ሸክላ ይዛለት ገባች። ከመጀመሪያው የስቱዲዮ ቅጂ ላይ እንደገና ተስተካክሎ የታተመ መሆኑ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። ሰይፈሥላሴ አገላብጦ አየው፤ ክብደቱንም በእጁ መዘነ።

«እሑድ ይፈተናል» አለ።

እሑድ ሮቤራ ማጫወቻዎቹ ጋ ቆመ፤ ሰይፈሥላሴ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ዳሲቱ ጥግ ላይ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ከገመድ የወረደ ልብስ ታጥፋለች። ሮቤራ የትኛውን እንዳጫወተ ሳይናገር አንድ ዘፈን ከሁሉም ላይ በየተራ ማሰማት ጀመረ።

ካሴቱን ሰይፈሥላሴ ወዲያው ለየው። ቀጥሎ ሌላ መጣ።

«ይኼ የኔው ነው» አለ። «የመጀመሪያው እትም። ሲምባሉን አትሰማውም? እይ እንዴት እንደሚበተን።»

ሮቤራ ወደ ገመዶቹ ጎንበስ አለ።

«ሲዲው ነው እኮ» አለች ዳሲቱ፣ ከምታጥፈው ልብስ ቀና ሳትል።

«በምን አወቅሽ?»

«ይፋጫል። ያኛው አይፋጭም።»

«አይተሽ ነው።»

«በየት በኩል አያለሁ? መስኮቱን ነው የማየው።»

ሰይፈሥላሴ ዞሮ ሮቤራን አየው። ሮቤራ አንገቱን ደፍቶ ገመድ ያስተካክል ነበር።

«መርፌው ቆሽሾ ይሆናል ጋሼ ሰይፈ» አለ። «ሸክላዎቹ ዛሬ ልክ አይደሉም። ሌላ ቀን ይሻላል።»

ደግነቱን ሰይፈሥላሴ አልወደደለትም። ድጋሚ አጫውት አለው፤ ድጋሚ ተሳሳተ። ሲዲውን አሮጌው ሸክላ፣ አሮጌውን ሸክላ ሲዲ አደረገው። ከዚያ ወዲያ እስፒከሮቹ ይረፉ አለና ሮቤራን እስከ አስፋልቱ ሸኘው። በሚቀጥለው እሑድ ደውሎ አትምጣ አለው። ምክንያት አልነገረውም።

ሌሎች ነገሮችም ቆይተው መገጣጠም ጀመሩ። ስልኩ ሳሎን ሲጮህ የሚያነሳው ዳሲቱ ከጓዳ ስትጠራው ነው። ጠዋት ግቢው ዛፍ ላይ ወፎች የሉም ብሎ ሲያማርር ሶሊያና ቀና ብላ አየችውና «አባዬ፣ አሁን እኮ እየዘፈኑ ነው» አለችው። በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ይዛው ሄደች።

ጆሮ ማዳመጫ አድርገውለት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። ድምፅ ሲሰማ ቁልፍ ይጫናል። መጀመሪያ ወፋፍራም ድምፆች መጡ፤ ጫነ። ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፤ ጫነ። ከዚያ ጸጥ አለ። መስታወቱ ማዶ የሐኪሟ እጅ ሲንቀሳቀስ ያያል። እጇ ከተንቀሳቀሰ ድምፅ መኖር እንዳለበት ገባው፤ እጇን እያየ መጫን ግን አላሰኘውም።

«አባቴ፣ ምን ነበር ሥራዎት?» አለችው ሲወጣ።

ነገራት። ሐኪሟ ብዙም አልተገረመችም።

«ቀጫጭኖቹ ድምፆች ሄደዋል። ወፍራሙን ደህና አድርገው ይሰማሉ። ጆሮ ላይ በሚደረግ መሣሪያ ንግግር እንዲሰሙ እንረዳዎታለን፤ የጠፋውን መመለስ ግን አይቻልም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቀስ በቀስ ስለሚሄድ ሰው አያውቀውም። የእርስዎ ብዙ ዓመት ሆኖታል።»

«ሸክላውን ሳላገኝ በፊት?»

ሐኪሟ ሶሊያናን አየቻት። ሶሊያና የአባቷን ክንድ ያዘች።

በታክሲው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነገሩን አሰበው። ሲምባሉ በሸክላው ላይ እንዴት እንደሚበተን እሑድ እሑድ የተረከው ሁሉ ከሸክላው የሰማው አልነበረም። ምናልባት ወጣት ሳለ ከካሴቱ የሰማውን እያስታወሰ፣ ያውም የታፈነ ብሎ ከናቀው ካሴት ላይ፣ ራሱ ሲጨምርበት ኖሯል። ያዘነ አልመሰለውም። ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ገበያ መሐል ሲዞር የዋለ ሰው የሚሰማው ዓይነት ስሜት ነው የተሰማው።

መሣሪያው ለወሬ ጠቀመው። ለሙዚቃ ግን አልሆነም፤ ሲምባሉን የቆርቆሮ ክዳን አደረገበት። አንድ ሁለቴ ሞከረና ማጫወቻውን አንሶላ አልብሶ ተወው። ክረምቱ በዚሁ አለፈ። ሮቤራ አልፎ አልፎ ይደውላል፤ ስለ ዝናቡና ስለ መንገድ ቁፋሮው አውርተው ይዘጋሉ።

መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰይፈሥላሴ ግቢ ውስጥ የአጥሩን ቆርቆሮ ሲመታ ከቤት የ«ወንበሩ» ባስ፣ ያ ወፍራሙ ጊታር፣ ሲመጣ ተሰማው። መዶሻውን ጥሎ ገባ። ዳሲቱ አንሶላውን ገፍፋ፣ አሮጌውን ሸክላ ጭና፣ ወለሉ ላይ እስፒከሮቹ መሐል ተቀምጣለች።

«መርፌውን እንዴት ነው ያወረድሽው?»

«በእጄ።»

«ማውረጃ እጀታ አለው እኮ። ሸክላውን ትቧጭሪዋለሽ።»

«እሺ፣ አሳየኝ» አለች። አሳያት። አጠገቧ ተቀመጠ። ጥቂት ሰምታ እጇን አነሣች።

«ይኼ ሰውዬ ከመዝፈኑ በፊት ይተነፍሳል።»

«ማነው?»

«ዘፋኙ ነዋ። አየር ይስባል፤ እንደ መጨነቅ ያለ ነገር። ከዚያ ነው የሚጀምረው።»

ሰይፈሥላሴ መርፌውን ወደ ዘፈኑ መጀመሪያ መለሰው። ጆሮውን እስፒከሩ ላይ ለጥፎ ሰማ። ጊታሩ ጠፋ፤ ትንሽ ባዶ ቦታ መጣ፤ ከዚያ ዘፈኑ ጀመረ። ባዶው ውስጥ ምንም አልሰማም።

«አሁን?»

«አዎ። ልክ እዚያ ላይ።»

ካሴቱ ላይ እንደዚያ ያለ ነገር በወጣትነቱም ሰምቶ አያውቅም። ሸክላው እጁ ሲገባ ደግሞ ጆሮው ሄዷል። ዕድሜ ልኩን በቃሉ አውቀዋለሁ ያለው ዘፈን ውስጥ አንዴም ያልሰማው ነገር ነበር። ሲዲውን አስገባ።

«አለ?»

«አለ፣ ግን ደረቅ ነው።»

አዲሱን ሸክላ ጫነ። ዳሲቱ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየች።

«እዚህም አለ። እንዲያውም በጣም አለ። ትንፋሹም ዘፈኑም እኩል ነው። ሁሉንም በካውያ የተኮሱት ይመስላል፤ መጨማደድ የነበረበትም አልቀረ።»

ይኼኛውን ሰይፈሥላሴ በራሱም ያውቀዋል። አዲሱ እትም ለስላሳውንና ጠንካራውን አንድ ደረጃ ላይ ማምጣቱ በመጀመሪያው ቀን ተሰምቶት ነበር፤ ያንን ለመስማት ቀጭን ድምፅ አያስፈልግም። ያልተሳሳተው ነገር መኖሩ ደስ አሰኘው፤ ለእሷ ግን አልነገራትም።

«ካሴቱንስ?» አለ።

ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማችው።

«ከሁሉ ይኼ ይሻለኛል» አለች።

«ካሴቱ? የታፈነው?»

«ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ አቡጀዲ ነው የሚመስለው። ጆሮ አይቧጭርም።»

«እሱ ጥራት አይደለም ዳሲ። ጉድለት ነው።»

«ጉድለት ማየት ለኔ ልታስተምረኝ ነው?» አለች፣ እየሳቀች። «ጉድለት መሆኑን አውቃለሁ። ይሻለኛል ነው ያልኩት።»

ያን ቀን እራታቸው ዘገየ። በሚቀጥለው እሑድ ሰይፈሥላሴ ሮቤራን ጠራው፤ የሐኪሟንም ቃል እንዳለ ነገረው። ሮቤራ አንገቱን ነቅንቆ «ጠርጥሬ ነበር ጋሼ» ከማለት በቀር አልጨመረም።

እሑዱ እንደ ድሮው ቀጠለ፤ አቀማመጡ ብቻ ተለወጠ። ሸክላ የሚጠርገው፣ መርፌ የሚያወርደው፣ መጠኑን እኩል የሚያደርገው ሰይፈሥላሴ ነው። የሚፈርዱት ዳሲቱና ሮቤራ ናቸው፤ እነሱም አይስማሙም። ሮቤራ አዲሱን እትም ይወዳል።

«እትዬ ዳሲቱ፣ ባሱን ግን ልብ ብለውታል?» ይላታል።

«ባሱ ደህና ነው። የቀረውን እኮ ነው የገደሉት» ትለዋለች።

ሰይፈሥላሴ መዳፉን የእስፒከሩ እንጨት ላይ ጭኖ ባሱን ይከታተላል። መሐል ላይ «አሁን ሲምባሉስ?» ብሎ ይጠይቃል። ዳሲቱ ያለውን ትነግረዋለች። አንዳንዴ የምትነግረው እሱ ከሚያስታውሰው ጋር አይገጥምም፤ ያን ጊዜ ይከራከራታል፤ ቆይቶ ደግሞ ይተወዋል።

በጥር አንድ እሑድ ሮቤራ ከአንድ ደንበኛው የተዋሰውን ሌላ የሮክ አልበም፣ አሮጌውንና አዲሱን እትም ይዞ መጣ። ዳሲቱ ዱከም ዘመድ ሞቶባት ለቅሶ ሄዳ ነበር። ሁለቱ ብቻቸውን አሮጌውን ጫኑ።

«እንዴት ነው?» አለ ሰይፈሥላሴ።

ሮቤራ ትንሽ አሰበ። «ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጥርት ያለ ነው ጋሼ። ጥሩ ነው በቃ።»

ሰይፈሥላሴ መርፌውን አነሣ፤ ሸክላውን ወደ ሽፋኑ መለሰ።

«ለሚቀጥለው እሑድ ይቆይ» አለ። «ደንበኛህ አይቸኩልብህም አይደል?»

«አይቸኩልም።»

ማጫወቻውን አጠፉና በሩን ዘግተው ወጡ። ዳሲቱ ከዱከም የምትመለስበት ሚኒባስ የሚያወርደው አቃቂ ወንዝ ድልድይ ጋ ነው፤ ወሬያቸውን እያወሩ ወደዚያው ሄዱ።