ሜዳ መሃል የሚጠፋው ሞተር

ጣቢታ ሆሳዕና ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የግቢ ውበት ሠራተኛ ናት። ስሙ እንዲህ ይባል እንጂ ሥራዋ ከሳር ጋር መታገል ነው። ከሕንጻዎቹ ጀርባ ያለውን ሰፊ የኳስ ሜዳ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ሆና ለዓመታት በማጭድ ስታጭድ ኖራለች። የአገሩ ዝናብ ደግሞ ለሳር ያዳላል፤ ከአንዱ ጎል ተነሥተው ጎንበስ እንዳሉ ሌላኛው ጎል ሲደርሱ፣ የጀመሩበት ቦታ ተመልሶ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል። ቤቷ ስትገባ ወገቧ አልዘረጋ ይላታል።

እናም ከውጭ የመጡ የኮሌጁ ወዳጆች ተቀምጠው የሚነዱት ሳር ማጨጃ ሲያበረክቱ፣ ከማንም በላይ የተደሰተችው እሷ ነበረች። ቀይ ነው፤ ከባጃጅ ያንሳል፤ መሪና ወንበር አለው፤ ስለቱ ሆዱ ሥር ይሽከረከራል። የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ማቲዎስ «ማን ይንዳው?» ብለው ሲጠይቁ ጥበቃዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጣቢታ ግን ቀድማ «ሳሩን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ልንዳው» አለች። አንዳንዱ ሳቀ። እሷ ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መሪውንም ፍሬኑንም ለመደችው። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ስትመላለስበት ተማሪዎች በመስኮት ብቅ ብለው አጨበጨቡላት።

ደስታው አንድ በጋ ቆየ። ክረምቱ ገብቶ ሳሩ ሲፋፋ ማሽኑ ዐመል አወጣ። ጠዋት ቁልፉን ስታዞረው እንደ ወትሮው ይነሣል፤ በደንብ ያጭዳል፤ ልክ ሜዳው መሃል ሲደርስ ያስላል፣ ይንተፋተፋል፣ ጸጥ ይላል። ወርዳ ጥላ ሥር ትቀመጣለች። ቆይታ ስትሞክረው፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል። ደግሞ ጥቂት ሄዶ ይጠፋል።

መናኸሪያው አጠገብ ናስረዲን የሚባል የጄነሬተርና የባጃጅ መካኒክ አለ። የኮሌጁን ጄነሬተር የሚጠግነውም እሱ ነው። መጥቶ ካንዴላውን ቀየረ።

«በቃ፣ እትዬ ጣቢታ፣ አሁን እስከ ጊምቢቹ ከተማ ብትነጂው አይጠፋም» አላት።

እስከ ጊምቢቹ ይቅርና እስከ ማዕዘን መምቻው አልደረሰም። ተመልሶ መጣ፤ ካርቡራተሩን ፈቶ አጠበ። ጠፋ። ፊልትሮውን ቀየረ። ጠፋ። ቤንዚኑ ውሃ ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ደፍቶ አዲስ ሞላ። አሁንም ጠፋ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ናስረዲን በመጣ ቁጥር ማሽኑ ቀዝቅዞ ስለሚጠብቀው፣ እፊቱ ወዲያው ይነሣል፤ እሱም ጣቢታን በሚያዝን ዓይን ያያታል። እሷን ያበገናት ከማሽኑ ይልቅ ያ አስተያየት ነበር።

«እኔ ነኝ የምዋሸው? ቆመህ ጠብቀዋ!» ትለዋለች።

«ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ እትዬ» ይላል፤ ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ይሄዳል።

ወሬው ቢሮ ደረሰ። አቶ ማቲዎስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ችግር ሲረዝምባቸው የሚወቀስ ሰው ይፈልጉለታል። አንድ ጠዋት ጠሯት።

«እህት ጣቢታ፣ ቅዳሜ የጊምቢቹና የሀቢቾ ወጣቶች እኛ ሜዳ ላይ ይጋጠማሉ። እንግዶች አሉብን። ምናልባት አያያዙ ላይ ይሆን ችግሩ? ማሽን እንደ ሰው ነው፤ እጅ ይለያል። ለጊዜው ቸኮል ይንዳው።»

ቸኮል የኮሌጁ ሚኒባስ ሾፌር ነው።  ጣቢታ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ደሟ ፈልቷል። በአማርኛ ያልመለሰችውን ሁሉ ከቢሮው እስከ ዕቃ ቤቱ ድረስ በሀዲይኛ ለራሷ ተናገረችው።

ዓርብ ዕለት ቸኮል መነጽሩን አድርጎ ወጣበት። ጣቢታ ማጭዷን ይዛ የአጥሩን ሥር እያጸዳች በጎን ታየዋለች። ሞተሩ ሜዳው መሃል ሲደርስ አሳለ። ተንተፋተፈ። ጸጥ አለ። ቸኮል ቁልፉን አዞረ፣ ወረደ፣ ጎማውን በእግሩ መታ፣ እንደገና ወጣ። መጨረሻ ላይ «ይሄ ነገር ጸሎት ነው የሚያስፈልገው!» ብሎ ጮኸ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን አላላትም። የሚቀጥለውን ታውቀዋለችና። ወዲያው አቶ ማቲዎስ መጥተው ማጭድ ያለው ሁሉ እንዲወጣ አዘዙ። ጥበቃውም፣ ጽዳቱም፣ ጣቢታም እስኪመሽ አጨዱ። ዝናቡ ግን አልጠበቃቸውም፤ ግማሹ ሜዳ ሳይታጨድ ቀረ።

ቅዳሜ ጨዋታው ተካሄደ። በአንደኛው ወገን ኳሱ ይሮጣል፤ በሌላኛው ሳር ውስጥ ገብቶ እንደ ጥንቸል ይደበቃል። አንድ የሀቢቾ አጥቂ ብቻውን ከበረኛ ጋር ተገናኝቶ ሲሮጥ ኳሱ ከኋላው ቀረ። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ጣቢታ አልሳቀችም። ግማሹ ሜዳ እሷን የሚሰድብ መስሎ ታያትና ጨዋታው ሳያልቅ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ማሽኑ ዛፍ ሥር እንደተጣለ አገኘችው። ቁልፉ እላዩ ላይ ነው። ማንንም ሳትጠይቅ ወጥታ አስነሣችውና የቀረውን ሳር ተያያዘችው። መሃል ሲደርስ እንደ ልማዱ ጠፋ። «ቤንዚን ጨርሰህ እንደሆነ እስቲ ልይህ!» አለችና በንዴት የታንኩን ክዳን ጠምዝዛ ከፈተችው። «እስስስ» አለ። ታንኩ እንደ ታፈነ ሰው አየር ሳበ። ቤንዚኑ ግን ሙሉ ነው። ግራ ገብቷት ቁልፉን አዞረች፤ ሳይቀዘቅዝ፣ ሳያርፍ፣ ወዲያው ተነሣ።

ክዳኑን አጥብቃ ዘግታ ነዳችው። ጠፋ። ከፈተችው። እስስስ። ተነሣ። ከዚያ በኋላ ክዳኑን ሳታጠብቅ እላዩ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሜዳውን አጭዳ ጨረሰችው። አንዴም አልጠፋባትም። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ናስረዲን፣ አሁኑኑ ና! ደንበኛህ ይቁም!»

መጣ። ክዳኑን ገልብጦ አየው። ከውስጥ በኩል የፌስታል ቁራጭ ተደርቦ ዙሪያውን ተጣብቋል። 

«ክረምት መግቢያ ላይ» አለች ጣቢታ ቀስ ብላ፣ «ቤንዚን ቀሚሴ ላይ እየተረጨ ሲያስቸግረኝ ነግሬህ ነበር። ፌስታሉን አንተው ነህ ያደረግከው።»

«ወላሂ ረስቼዋለሁ፣ እትዬ» አለ ጭንቅላቱን ይዞ። «ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለች። እሷን ነው የደፈንኩት። ቤንዚኑ ሲቀንስ በቦታው አየር ካልገባ ወደ ሞተሩ አይወርድም።» ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ፌስታሉን አነሣ፤ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጠረገ፤ ቤንዚኑ እንዳይረጭም ለክዳኑ ልክ የሚሆን ቀለበት ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ሠራለት።

ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። አቶ ማቲዎስ ሜዳውን አይተው «እግዚአብሔር ይመስገን! እንግዲህ ቸኮል ይቀጥልበታ» አሉ።

ጣቢታ ቁልፉን ጨበጠች። «አቶ ማቲዎስ፣ ሲበላሽ የኔ እጅ፣ ሲሠራ የቸኮል እጅ ይሁን? ይሄን ቁልፍ የምሰጠው ከሥራ ስታስወጡኝ ነው።»

ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጋ ተናግራቸው አታውቅም።  አቶ ማቲዎስ ወደ ቸኮል ዞሩ። ቸኮል መነጽሩን አወለቀና «እኔ ሚኒባሴ ይበቃኛል፤ ከዚያ ማሽን ጋር አታነካኩኝ» አለ። ኃላፊው «ጥሩ፣ እንደፈለግሽ» ብለው ሄዱ። ይቅርታ አልጠየቁም። እሷም አልጠበቀችም።

ብዙም ሳይቆይ ስለቱን የሚያዞረው ቀበቶ ተበጠሰ። ጣቢታ ከማሽኑ ወርዳ መሬቱን በእግሯ ደበደበችው፤ ሰማይ ሰማይ እያየችም አጉረመረመች። ሆሳዕና ውስጥ ያን የመሰለ ቀበቶ አይገኝም። ሴቶቹ ማጭዳቸውን ይዘው እንደገና ወጡ። አቶ ማቲዎስም ሰምተው ወደ ሜዳው መጡ። ማን እንደበጠሰው ግን አልጠየቁም።

«እህት ጣቢታ፣ ቀበቶው አዲስ አበባ የት ሰፈር ነው የሚገኘው?» አሉ፤ ስልካቸውን አውጥተው።