የበርሜሉ ሕግ

የታሰርኩት ስለ ውሃ በመናገሬ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን ወንዝ ውስጥ ይለቅ ነበር። የውሃ ጥራት ባለሙያ ነኝና የምርመራውን ውጤት በስብሰባ ላይ ለገበሬዎቹ አነበብኩላቸው። በማግስቱ "ሕዝብ አነሳስተሃል" ብለው ከቢሮዬ ወሰዱኝ።

እስር ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ በርሜል ላይ ነው። ሃያ ምናምን ሰው ይጠጣበታል፤ ላዩ ላይ የወጥ ዘይት ተንሳፏል። ሁሉም እጁን ይነክርበታል። ሙያዬ ተነሳብኝና እስረኛ መሆኔን ረሳሁት።

"መቀጮ እንጣል፤ ያቆሸሸ አንድ ዳቦ ይክፈል" አልኩ።

ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን፣ ስንቅ የማይቋረጥበት አንድ ነጋዴ ዳቦውን አስቀድሞ አስቀመጠና ወጥ የነካ እጁን ነከረ።

"ከፍያለሁ እኮ! ደግሞስ ምን ሆነ? ንጹሕ ነው።"

ከይጁቤ ገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ እስረኛ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ተምረሃል፤ ምንጭ ግን ጠብቀህ አታውቅም። ንጹሕ ነው ካለ ሁሉ እያየው ቀድሞ ይጠጣ። እኛ ምንጫችንን የምንጠብቀው እንዲህ ነው።"

ድምፅ ተሰጠ። ለመቀጮው እጃችንን ያወጣነው እኔና ነጋዴው ብቻ ነበርን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ነጋዴው ዘይቱን ከነውሃው ዋጠና በማግስቱ ከቤቱ መቅጃ ጆግ አስመጣ።

በሳምንቱ ጉዳዬን የያዘው መርማሪ ጠራኝ። "የወንዙ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ተሳስቼ ነው ብለህ ፈርምና ውጣ" አለኝ። ባለቤቴ የመውለጃ ወሯ ነበር። መውጣት በጣም ፈልጌ ነበርና እስክሪብቶውን አነሳሁ። ያን ጊዜ ነው ከወንዙ የቀዳሁበት፣ በማስረጃነት የተያዘብኝ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ መቆሙን ያየሁት።

"እፈርማለሁ" አልኩት። "ግን እኛ ክፍል ሕግ አለ። ንጹሕ ነው ያለ ቀድሞ ይጠጣል። አንድ ኩባያ ለእርስዎ፣ አንድ ለእኔ።"

ክዳኑን ከፈተ፤ አሸተተና ቶሎ ዘጋው። "ወደ ክፍልህ!" አለኝ። ወረቀቱን ግን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ዳግመኛ አላወጣውም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ታስሬ ቆይቼ ተፈታሁ። ልጄ የተወለደችው እኔ በሌለሁበት ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ባለሙያዎች ተሰብስበን ፍሳሽ ለሚለቁ ፋብሪካዎች ግብር ይሻላል፣ ፈቃድ ይሻላል እያልን ስንከራከር እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወሳኙ የሚጠጣው ከየት ነው?

ባለፈው ሰሞን ልጄ ጣቷን የመጠጥ ውሃ ጆግ ውስጥ ስትነክር ያዝኳት። ሕጉን ነገርኳትና ቀዳሁላት። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ጥርግ አድርጋ ጠጣች።

"አንተስ?" አለችኝ።

እኔም ጠጣሁ።