መርዶ ይዤ ዳኑብ ዳር

ከጆሃንስበርግ የተነሳሁት ለሽርሽር አልነበረም። እናታችን ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። ኮሮና መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ቡዳፔስት ላለችው ታናሽ እህቴ ለሰብለ አልነገርኳትም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። በደወለች ቁጥር «እማዬ ደህና ናት» እያልኩ ከረምኩ። አሌክሳንድራ ሰፈር ያለው ሱቄ ለሚመጡት አሮጊት ደንበኛዬ፣ በዙሉኛ «ጎጎ»፣ አያቴ፣ ለምላቸው እንኳ፣ እንደዚያው ነበር የምላቸው። ወሬ እግር አለው። ሰብለም «መንገዱ ሲከፈት ና» እያለች ስትወተውተኝ ከረመች። ሲከፈት አፍንጫዬን ተመርምሬ፣ ጥቁር ሻሽ ሻንጣዬ ሥር ደብቄላት ተሳፈርኩ።

ቅዳሜ

ኤርፖርት ጭምብሏን እንዳጠለቀች አቀፈችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ስለ ሱቁ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ። ስለ እማዬ ትንፍሽ የለም። አሥር ዓመት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ሰው የሚለውን ሳይሆን የሚዘለውን መስማት ለምጃለሁ። ጠረጠርኩ።

እሑድ

በቢጫው ትራም ወንዙን ተከትለን ሄድን። ዳኑብ ሰማያዊ ነው ሲባል ነበር የሰማሁት፤ ያየሁት ግን የሐምሌ ጎርፍ የመሰለ ውሃ ነው። ከማዶ ኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥቱ፣ በዚህ በኩል ጣሪያው የሾለ ፓርላማ። አረንጓዴው የብረት ድልድይ አጠገብ ላንጎሽ ገዛችልኝ፤ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ፣ ነጭ ሽንኩርትና አይብ የተደረገበት ቂጣ ነው።

«ብላ እንጂ፣ ጋሽዬ።»

«አንቺ ብዪ። ከስተሻል።»

ስልኳ ሲጠራ ራቅ ብላ ተንሾካሾከች። ስጠጋት ዘጋችው። «የሥራ ነው» አለች፤ በእሑድ ምድር! የደበቀችው ባል አለ አልኩ በሆዴ። ባል ትደብቅ ግዴለም፤ እናቷን አንዴ እንኳ አለመጠየቋ ግን አንገበገበኝ።

ሰኞ ንጋት

እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ ልነግራት ሻሹን ይዤ ከመኝታ ክፍሌ ወጣሁ። ሳሎኑ በርቷል። የማላውቃቸው ሁለት አበሾች፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴትዮ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ሰብለ ጥቁር ለብሳ ቆማለች።

«ና እስቲ ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉኝ ሽማግሌው።

አምና በንጋት የሱቄን በር ያንኳኩት ሰዎችም እንዲሁ ነበር ያሉኝ። ሰዎቹ የመጡት ለእኔ ነው።

ሰብለ ሻሹን አየችው። «ታውቃለህ?»

«ከአምና ጀምሮ። አንቺስ?»

«የአርባዋን ፎቶ ስልኬ ላይ አይቼ። አንተ ደህና ናት ስትለኝ አልሰማህም ብዬ… ብቻህን እንዳትሰማ ነው ና ያልኩህ።»

ተቃቅፈን አለቀስን። ዓመት ሙሉ በየፊናችን ስናለቅስ ከርመናል፤ በጣም ቆጨኝ።

ጆሃንስበርግ

ጥርጣሬዬስ ልክ ነበር። እህቴ የደበቀችኝ ግን እኔው የደበቅኋትን ነው።

ሱቄን በከፈትኩ በመጀመሪያው ጠዋት ጎጎ ዳቦ ሊገዙ መጥተው በዙሉኛ ሰላም አሉኝ።

«ሳኡቦና ልጄ። እናትህ ደህና ናት?»

አፌ ለምዶበት ሊዋሽ ነበር።

«ሞታለች፣ ጎጎ» አልኳቸው።

ዳቦውን ባንኮኒው ላይ ትተው ሱቁን ከሌባ በሚከልለው የብረት ፍርግርግ መሃል እጃቸውን ሰደዱልኝ።