ልብስ ሰፊው አባቴና የጎበጠው ጀርባዬ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጉድ ሲሸፍን ኖሯል። አንድ ትከሻው ዝቅ ላለ ስፖንጅ ይጨምርለታል፤ ለጎበጠ ከኋላ ያረዝምለታል። ደንበኛው መስታወት ፊት ተንጎራድዶ፣ አምሮብኛል ብሎ ይሄዳል። አባቴ ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስንት ዓመት ጨቅጭቃው ወሬ ሳታገኝ ሞተች።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እሱ ቤት አረፍኩ። ሳጠባ ልጅቷ ላይ እጥፍ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው። በሁለተኛው ወር ማጅራቴና ወገቤ እሳት ሆነብኝ። የመጥቢያ ሰዓቷ ሲደርስ ልጄን እፈራት ጀመር። እናት ልጇን ትፈራለች? እኔ ፈራሁ።

ጤና ጣቢያ ብሄድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ትራስ ጭኔ ላይ አድርጌ ልጅቷን ወደ ጡቴ ከፍ እንዳደርግ፣ እኔ ወደ እሷ እንዳልጎነበስ ነገረችኝ። በቀን ሦስት ጊዜም ከተረከዝ እስከ ጭንቅላቴ ግድግዳ ተጠግቼ ቀጥ እንድል፣ ትከሻዬን ወደ ኋላ እንድስብ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ አንድም ቀን አልሠራሁትም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ግድግዳ ሲያይ ስፖርት አይታየውም። ከሰኞ ጀምሮ ጡት ላስጥላትና የቆርቆሮ ወተት ልሰጣት ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ቀሚሴ ከኋላ ያዘኝና አባቴን ለቀቅ አድርግልኝ አልኩት። ሜትሩን ከማጅራቴ እስከ ወገቤ ዘረጋ። ደግሞ ዘረጋ። ከመውለዴ በፊት ከለካኝ በሁለት ጣት ጨምሯል አለኝ። ታዲያ ልቀቀዋ፣ ሥራህ አይደል እንዴ ብዬ ጮህኩበት።

"ሌላ ሰው ብትሆኚ አደርገው ነበር" አለኝ። "ልጄ ጎብጣ እያየሁ ግን አልሸፍንም።"

ባለሙያዋ ያለችውን አንድ በአንድ ጠየቀኝና ሊያሳየኝ ግድግዳው ጋ ቆመ። ተረከዙ ነካ፣ ጀርባው ነካ፤ ጭንቅላቱ ግን አልደርስ አለ። አገጩን ሳበ፣ ታገለ፤ በመሃል ቡጢ ያስገባል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ አርባ ዓመት ስፌት ላይ እንደጎነበሰ ትዝ አለኝ።

"የኔ አልፎበታል፤ ያንቺ ገና ነው" አለ። "ነይ ቁሚ።"

ቆምኩ። እያመመኝም ቢሆን ጭንቅላቴ ነካ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አብረን እንቆማለን። ሰኞም አለፈ፣ ሌላም ሰኞ አለፈ። ሳጠባ ትራሱን ያቀብለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ስፌቱን ይቀጥላል። ዞር ብሎ ሳያየኝ "ቀና በይ" ይለኛል፤ በምን እንደሚያውቅ ይገርመኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን "ቀና በይ" ሳይለኝ የስፌት መኪናውን አቆመ።

"ዛሬ አላቃሰትሽም" አለኝ።

ልጄ ጠግባ እጄ ላይ ተኝታ ነበር።