ለመጋዘን ኃላፊነት የተጠየቀው ዲፕሎማ

መንግሥት ተለውጦ ብዙ ነገር ሲቀየር የአባቴ ወንበር አልተቀየረም። መዝገብ ቤት እንደተቀመጠ፣ ከእሱ በኋላ የተቀጠሩ ልጆች አለቆቹ ሆኑ። ምክንያቱን ሲጠየቅ "ዲፕሎማ" ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ለዲግሪ ሳይበቃ ሲቀር ብዙም አላዘነም። ጅማ ኮሌጅ አስገባኝና ሁለት ዓመት ጸሐፊነት ተማርኩ። ለስድስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ነበር። አጭር ጽሕፈትም ተምረናል፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ከተመረቅኩ በኋላ ጅማ ካለው ሰፈራችን ከበቾ ቦሬ እየወጣሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ ዓመት አለፈ። ሁሉም የሥራ ልምድ ይጠይቃል። በመጨረሻ አጋሮ፣ አንድ የቡና ድርጅት ተፈትኜ አራተኛ ወጣሁ። አንደኛው የመንግሥት ሥራ አገኘ፣ ሁለተኛዋ አገባች፣ ሦስተኛው አጋሮን አይቶ ተመለሰ። እኔ ተቀጠርኩ።

በመጀመሪያው ቀን ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ ቀና ብላ አየችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ናት።

"ሁለት ዓመት ተምረሽ እዚሁ መጣሽ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እኔ በቀጥታ ነው የመጣሁት።"

አልሳቀችም። ያን ጊዜ የለቃሚዎቹ አለቃ ሆናለች። ገበሬዎች በሚዛን ሲጣሉ በኦሮምኛ የምታስማማቸው እሷ ናት፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" እያሉ ይሰሟታል። አንድ ፍሬ በጥርሷ ነክሳ "ይሄ ገና እርጥብ ነው፣ ይሻግታል" ካለች ይሻግታል። እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ። በሳምንት ሦስት ደብዳቤ ነበር።

በዓመቱ የመጋዘን ኃላፊው ለቀቀ። ሥራ አስኪያጁ ጠርተው ቦታውን ለእኔ ሰጡኝ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ቡና አላውቅም። የምታውቀው እሷ ናት" አልኳቸው።

"ዲፕሎማ አላት?"

"የላትም።"

"መደቡ ዲፕሎማ ይላል። አንቺ አለሽ።"

"የእኔ የጸሐፊነት ነው።"

"ዲፕሎማ ይላል እንጂ የምን እንደሆነ አይልም።"

ተቀበልኩ። እምቢ ብል ለእሷ እንደማይሰጧት አውቃለሁ፤ የተቀበልኩት ግን ለዚያ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። አፈርኩ። አባቴ በግ አረደ።

የለቃሚዎቹ አለቃ ሳምንት ሙሉ ወደ መጋዘኑ ዝር አላለችም። ከዚያ መጋዘን ገብታ ከጆንያ እፍኝ ቡና ዘገነችና መዳፌ ላይ አደረገችው።

"ንከሺ።"

ነከስኩ።

"ምን ተሰማሽ?"

"ምንም።"

"እስኪሰማሽ ንከሺ።"

ወሩን ሙሉ ስነክስ ከረምኩ። በመጨረሻ እርጥቡን ከደረቁ መለየት ቻልኩ።

አንድ ቀን "ያንቺ ኮሌጅ የቅዳሜና እሑድ ትምህርት አለው?" ብላ ጠየቀችኝ። ፎርሙን እኔው ሞላሁላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ጅማ ተመላለሰች። በተመረቀች በወሩ እኔ ወደ ቡና ርክክብ ክፍል ተዛወርኩና የመጋዘኑ ቦታ ማስታወቂያ ወጣለት። አብረን ሄደን አነበብነው። ዲግሪ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችውና "እንግዲህ" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዓመቱ ለቃ የቡና ንግድ ፈቃድ አወጣች። እዚያ ስለ ዲፕሎማ የጠየቃት የለም። አሁን ከገበሬ እየሰበሰበች ለእኛው ድርጅት ታቀርባለች፤ የምረከባት እኔ ነኝ። እርጥብ ነው ብለን የመለስንባት አንድ ጆንያ እንኳ የለም።