እሳቱ የጠፋበት ቦታ

ያን ጠዋት በሰው አገር፣ ማንጋቴን ሰፈር ባለው ግቢያችን አምስት ነበርን። ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ከኋላ፣ በሩ ተከፍቶ፣ እግሮቹን መሬት ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። እህቱ ነጠላዋን ተከናንባ አጠገቡ ቆማለች። ሊያደርሰን የመጣው መካኒክ ጎረቤታችን ከፊት፣ ኮፈኖው ስር ነው። ዘበኛው የግቢውን በር ከፍቶ መንገዱን ያያል። እኔ መንዳት አላውቅም፤ ቁልፉን እንዳዞር መሪው ጋ ተቀምጫለሁ።

የባለቤቴ ልብ ደክሟል። ጋደም ብሎ መተንፈስ ካቃተው ሰንብቷል፤ ሌሊቱን ትራስ ተደግፎ ያነጋል። ሐኪሙ ሳትዘገዩ አዲስ አበባ አድርሱት ብሎናል። አውሮፕላኑ የዚያን ቀን ቀትር ላይ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ቦታ የሚገኘው ከሳምንት በኋላ ነበር። እስከዚያ እንደማይቆይ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ከተማው ቤንዚን አጥቶ የምናውቀው መኪና ሁሉ ቆሟል። ቶንፒንግ ሰፈር ሆቴል ያለው ወዳጃችን ስልክ አያነሳም። ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ እንዳናወጣው መቀመጥ አይችልም። የቀረችን ጥቂት ቤንዚን ያላት ይህች አሮጌ መኪናችን ናት።

«አንዴ ይሞክሩ፣ ማዘር።»

አዞርኩ። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፤ ሞተሩ አይነሳም።

«ባትሪው ደህና ነው። ትናንትና እኮ አንዴ ሲነኳት ነው የተነሳችው» አለ መካኒኩ። «ጠዋት ዘይቷን ሳይም ምንም አልነበረባትም።»

«ጸልይባት እንግዲህ» አለች የባሌ እህት። «እናንተ ስትጮኹ ሙት ይነሳል ይባል የለ?» መካኒኩ ጴንጤ ነው፤ ሲገናኙ እንዲህ ይጎነታተላሉ።

«ጸልዬ ከተነሳች እኛ ጋ ይመጣሉ፣ እትዬ?»

«ምን ሲደረግ!»

ባለቤቴ ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ቀልዱ እዚያ ላይ ቆመ።

መካኒኩ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን አንዱን ካንዴላ ፈትቶ፣ ገመዱን እንደሰካ የሞተሩ ብረት ላይ አስደገፈው። አዞርኩ። «እሳት የለውም» አለ። ቀጥሎ እሳቱን ከሚያመነጨው ቦቢና የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ነቅሎ ጫፉን ወደ ብረቱ አስጠጋ። አዞርኩ። ጠ፣ ጠ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ቦቢናው ይሰጣል። ካንዴላው ጋ ሳይደርስ መሃል ላይ ነው የሚጠፋው።»

እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን ክፍል ክዳን አላቆ አነሳና ወደ ብርሃኑ አዘነበለው።

«ውሃ?» ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። በጋ ነው፤ ዝናብ ካየን ወራት አልፎናል።

ዘበኛው በአገሩ አረብኛ «ማለሽ፣ ማማ» ብሎ አጽናናኝ። ከኋላዬ የባለቤቴ ትንፋሽ ይሰማኛል። መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

መካኒኩ ከኪሱ ዘይት የጠጣ ጨርቅ አውጥቶ ክዳኑን ሊያብስ ሲል እህትየው ጮኸች።

«በዚያ ጨርቅ አይነካም!»

ሁላችንም ዞረን አየናት።

«ጠበል ነው» አለች፤ ድምፅዋ አነሰ። መካኒኩ ጠዋት ዘይቱን አይቶ፣ ኮፈኖውን ሳይዘጋ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ነው። ለመንገዳችን ብላ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጠበል መኪናውን ዙሪያውን ረጭታ፣ የቀረውን ሞተሩ ላይ አፍስሳዋለች። ለወንድሟ ሰስታ አታውቅም። ክዳኑ አርጅቶ ተሰንጥቆ ኖሮ ጠበሉ በስንጥቁ ገብቷል።

መካኒኩ ጨርቁን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ታዲያ በምን ላድርቀው፣ እትዬ?» አለ ቀስ ብሎ።

ነጠላዋን አውልቃ ሰጠችው። ጫፉን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ውስጡን አበሰ፤ ገመዶቹንም እየነቀለ አበሰ። ነጠላው ጠቆረ። አውሮፕላኑ በቤቶቹ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሰማን። ሊያርፍ ነው። ካረፈ በኋላ ብዙ አይቆይም።

ክዳኑን ገጠመ። «ማዘር።»

አዞርኩ። አልተነሳም። ደግሜ አዞርኩ። አንዴ አጓርቶ ጠፋ። እህትየው ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ቁልፉን አይልቀቁት! ቤንዚኑን ይርገጡ!»

ረገጥኩ። እየተንቀጠቀጠ ያዘ።

«ከጠፋች ዋስትና የለኝም፤ ቶሎ» ብሎ ኮፈኖውን ዘጋ። መሪውን ለቀቅሁለትና ከኋላ ገባሁ። የባለቤቴን እግሮች አንስቼ አስገባሁ።

እህትየው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ልትሸኘን ለብሳ ነበር፤ አልገባችም። የጠቆረውን ነጠላ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ባለቤቴ በመስኮቱ እጁን ዘረጋላት። ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። ዘበኛው ከመንገዱ ገለል አለ። ወጣን።