ጉንዳን የማያሳልፈው ግንብ

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት መስኮቱን ስትከፍት ግቢው ዛሬም ኩሬ ሆኖ ጠበቃት። "ኤጭ! አሁንም አልሄድክም?" አለችው ውሃውን። ሰው አልሰማ ሲላት ከውሃ ጋር መጨቃጨቅ ጀምራለች፤ ምን ታድርግ!

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ይህን ያሉት ሰዎች የሷን ግቢ ዋልካ አፈር አላዩትም። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ አብጦ ስንጥቁን ይደፍንና ውሃውን ላዩ ላይ አቅፎ ይቀመጣል። ጫማ ካገኘማ ጫማውንም ያስቀራል።

ባሏን የጣለው ይኸው ግቢ ነው። ባሏ ግንበኛ ነበር። ስትሮክ መትቶት ግራ እግሩ ከሰነፈ በኋላም በምርኩዝ ቀስ እያለ ይወጣ ነበር፤ አንድ ቀን ጭቃው አንሸራቶት በጀርባው ተዘረረ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሁሉ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ወንበር ሆነ። እግሩን የምታሠራው የጤና ባለሙያ ልብስ ሰፊዋን በረንዳ ላይ ለብቻዋ አቁማ፣ "ደልዳላ ቦታ ላይ በየቀኑ ካልተራመደ ይህ እግር እንደ ደረቀ ይቀራል" አለቻት።

ሰፈርተኛው "ቸኩሌ" የሚለው ልጃቸው ይህን ሲሰማ በማግስቱ አርቲፊሻል ሣር በጥቅል አስጭኖ መጣ። ሐሳቡስ ወርቅ ነበር።

"እማ፣ ጭቃ የለ፣ ማዳለጥ የለ! አባዬ ምንጣፍ ላይ እንዳለ ይራመድበታል።"

"ውሃውስ በየት ይሄዳል?"

"ሣሩ ከሥሩ ቀዳዳ አለው እኮ!"

"ከቀዳዳው በታችስ? ያው ዋልካ ነው! አንተ ልጅ፣ ገበር የሌለው ካፖርት ልትሰፋ ነው እንዴ?"

ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና ስትረግጥ የኖረች ሴት ናት፤ ልብስ የሚበላሸው ከውስጥ መሆኑን ታውቃለች። ግን ማን ሰምቷት! ዘረጋው። የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ጣለ ሣሩ ከሥሩ ውሃ ቋጥሮ እንደ ፍራሽ ተነፋ፤ ውሎ አድሮም ሸተተ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና እናትና ልጅ እየተነጫነጩ መልሰው ጠቀለሉት።

ልክ ልኩን ስለ ነገረችው በሁለተኛው ዙር ቸኩሌ ሥራውን ሥራ አደረገው። የላይኛውን ዋልካ ገፎ አወጣ፤ ከበረንዳው ጀምሮ ወደ አጥሩ የሚያዘቀዝቅ ቦይ ቆፈረ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ቱቦ በማጣሪያ ጨርቅ አልብሶ አጋደመበት፤ ላዩን በጠጠር ሞልቶ ጠቀጠቀው። የቱቦውን ጨርቅ የሰፋችው እሷ ናት። ዝናቡ መጣ። ውሃው በቱቦው ተንደርድሮ ወረደና አጥሩ ሥር ሲደርስ ቆመ። አልሸሹም ዞር አሉ! ከዚያ ወደ ኋላ ሞልቶ ግቢው መሃል ተመልሶ ተኛ።

ምክንያቱ አልጠፋቸውም። ከአጥሩ ወዲያ የመንገዱ ቦይ አለ፤ ውሃው የሚፈልገው እሱን ነው። መሃል ላይ የተገተረው አጥሩ ራሱ፣ የድንጋዩ ግንብ ነው። ግንቡ ደግሞ ባሏ በጤናው ሳለ የሠራው የመጨረሻ ሥራው ነው። ሰው በመጣ ቁጥር "የኔ ግንብ ጉንዳን አያሳልፍም!" እያለ ያስጎበኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ለውሃ መውጫ እንኳ አንዲት ቀዳዳ አልተወም።

"ቦዩ አልጠለቀም" ይላል ከመስኮቱ። ጠለቀ። "ጠጠሩ ደቃቅ ነው።" ተቀየረ። "እንግዲያው ቱቦው ነው!" ሁሉም ጥፋተኛ፣ ግንቡ ብቻ ንጹሕ። አንድ ጊዜ ደፍራ "ግንቡን ብንበሳውስ?" ብትለው "መጀመሪያ እኔን ቅበሩኝ!" ብሎ እህል እምቢ አለ። ከሱ ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

"እማ፣ ግንቡን ከነካንበት ይሞታል" ይላል ቸኩሌ በሹክሹክታ።

"ካልነካነውስ በምን ሊድን ነው?"

ትናንት እግሩን ስታሸው ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ አላት። ሰውዬው ቁጭ ብሎ እየደረቀ የሚታዘነው ለድንጋይ ነው!

እናም ዛሬ ጠዋት ከኩሬው ጋር መጨቃጨቋን ትታ የባሏን መዶሻና መሮ ከአልጋው ሥር ጎተተች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ በጭቃው እየተንቦጫረቀች ግንቡ ጋ ደረሰችና መታችው።

"አንቺ ሴትዮ! ምን እያደረግሽ ነው?" የባሏ ድምፅ ከመስኮቱ መጣ።

"ግንብህን እያፈረስኩ!"

"አብደሻል?"

"አዎ አብጃለሁ! እሱ ቆሞ አንተ ከምትወድቅ እሱ ይውደቅ!"

ድንጋዩ ግን ፍንክች አላለም። በእልህ እያለቀሰች ትመታለች፤ እንባዋን በጭቃማ እጇ ስትጠርግ ፊቷ ሌላ ጉድ ሆነ።

"ተይ! ድንጋዩን አይደለም፣ መጋጠሚያውን! ያውም ከታች! ውሃ በወገብ ይወጣል እንዴ?"

"ምን አውቄ! እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ!"

"ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ! ወይ የዚች ሴትዮ ነገር፣ መሮዬን ልትሰብረው ነው!"

ከዚያ ዝም አለ። ዞር ስትል ወንበሩ ባዶ ነው። ወደቀ ብላ ልትሮጥ ስትል በረንዳው ላይ ብቅ አለ። አንድ እጁ በምርኩዙ፣ ሌላው በቸኩሌ ትከሻ ላይ። ከግቢው ሁሉ የማይሰምጥ ቦታ በጠጠር የተሞላው ቦይ ብቻ ነበር፤ በሱ ላይ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ፣ በየእርምጃው እየተራገመ መጣ።

"አምጪው" አለና መዶሻውን ነጠቃት። ቸኩሌ ባልዲ ገልብጦ አስቀመጠው፤ መሮውን እሷ ያዘችለት፤ በደህና እጁ መታ። መጋጠሚያው ተፈነቀለና ውሃው እየጮኸ ወደ መንገዱ ቦይ ወጣ።

"የማን ደነዝ ነው መውጫ ሳይተው የገነባው?" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"በቃ፣ አሁን ግባ፤ ብርድ ይመታሃል" አለችው።

"አልገባም! አንድ ቀዳዳ ምን ይሠራል? ግንቡ ረጅም ነው። በየቀኑ እየወጣሁ አንዳንድ እበሳለታለሁ።"

"ታዲያ ሣሩን ዛሬ ልዘርጋው?" አለ ቸኩሌ።

"አንተ ዝም በል!" አሉት ሁለቱም ባንድ አፍ።